ለደም ግፊት የተሠራ ክኒን ስለ አንጀት ካንሰር ሲጠየቅ

በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ፣ አንዲት የአንጀት ካንሰር ታማሚ ነበረች። ካንሰሩ ከአንጀቷ ወጥቶ ተሰራጭቷል። ኬሞቴራፒውም ጨረሩም አላቆሙትም፤ ሕክምናው በሰውነቷ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን ቀላል አልነበረም። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የካንሰር ማዕከል በማርኮ ማራ እና በጃኔሳ ላስኪን የሚመራ ቡድን በ2012 አንድ ሥራ ጀምሮ ነበር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ካንሰራቸው ከተሰራጨባቸው ታማሚዎች የዕጢ ናሙና ይወስዳሉ፤ ሙሉ ዘረ-መሉን ያነብባሉ፤ ከዚያ ይህን ዕጢ የሚያሳድገው ምን እንደሆነ ይፈልጋሉ።

የዚህችን ሴት ዕጢ ሲያነቡ ፎስ እና ጁን የሚባሉ ሁለት ጂኖች ከልክ በላይ ሲሠሩ አገኙ። የሁለቱ ውጤት ሲጣመር ኤፒ-1 የሚባል፣ ሌሎች ጂኖችን እየቀሰቀሰ ሴል እንዲባዛ የሚገፋ ፕሮቲን ይሆናል። እርሱን በቀጥታ የሚዘጋ መድኃኒት ገበያ ላይ የለም። ነገሩን ወደ ምንጩ ተከትለው ሲሄዱ ግን ከሚቀሰቅሱት አንዱ አንጂዮቴንሲን መሆኑን ያዙ። አንጂዮቴንሲን የደም ሥርን የሚያጠብብ፣ የደም ግፊትን የሚያሳድግ ንጥረ ነገር ነው፤ እርሱን የሚዘጋ መድኃኒት ደግሞ በየመድኃኒት ቤቱ ሞልቷል። ኢርቤሳርታን ሰጧት። ዕጢው አፈገፈገ፤ በ2016 አናልስ ኦፍ ኦንኮሎጂ በተባለው መጽሔት ታሪኩን ሲያሳትሙም ለውጡ አስደናቂ ብቻ ሳይሆን የቆየም እንደነበር ጻፉ።

እኔ የመድኃኒት ቤት ሰው ነኝ። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን፣ አምሎዲፒን፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባሉ የግፊት መድኃኒቶችን ስሰጥ የዋልሁበት ባንኮኒ እጄን ያውቀዋል። የቫንኩቨሩን ታሪክ ሳነብ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነው ብል ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ዜና ወደ ባንኮኒው ሲደርስ ምን መስሎ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ዘረ-መሉም ኤፒ-1ም በመንገድ ላይ ይወድቁና «የግፊት ክኒን ካንሰር ያጠፋል» የሚለው ብቻ በቴሌግራም ይመጣል።

ስለዚህ ከራሴ ጋር ተቀምጬ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ሞከርሁ። ጉዳዩ የዛሬ አይደለም፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጭቅጭቅ ነው፤ እንደ ማንኛውም የቆየ ጭቅጭቅም ሁለቱም ወገን እውነት አለው።

መጀመሪያ ክኒኑ ራሱ። ካፕቶፕሪል የሚባለው የመጀመሪያው ክኒን አመጣጥ ከብራዚል እባብ ነው። ጃራራካ የሚባለው እፉኝት የነደፈው ሰው ግፊቱ ይወርዳል። ብራዚላዊው ሰርጂዮ ፌሬራ በ1960ዎቹ ከመርዙ ውስጥ ብራዲካይኒን የሚባለውን፣ የደም ሥርን የሚያላላ ንጥረ ነገር ኃይል የሚጨምር ነገር አወጣ፤ ይዞትም ለንደን ወደሚገኘው የጆን ቬን ቤተ ሙከራ ሄደ። ስኩዊብ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኩሽማንና ኦንዴቲ ያንን ፍንጭ ተከትለው ወደሚዋጥ ክኒን ለወጡት፤ በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የእርሱ ታናሽ ነው። እነዚህ አንጂዮቴንሲን እንዳይሠራ ያግዳሉ፤ በ1995 የመጣው ሎሳርታንና ዘመዶቹ ደግሞ አንጂዮቴንሲን ከተሠራ በኋላ የሚያርፍበትን ተቀባይ ይዘጋሉ።

አንባቢዬ ኢናላፕሪል የሚወስድ ከሆነ ያንን ደረቅ ሳል ያውቀዋል። «ዶክተር፣ ይህ ክኒን ያስለኛል» የምትለኝ እናት (መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው) የምታማርረው ያንኑ የእባቡን ጉዳይ ነው፤ መድኃኒቱ ብራዲካይኒን እንዳይፈርስ ስለሚያደርግ በሳንባ ይከማችና ጉሮሮን ይኮረኩራል። ወደዚህ ሳል በኋላ እንመለሳለን፤ በካንሰሩ ክርክር ውስጥም ገብቷል።

ክርክሩን ያስነሡት የግላስጎው ሐኪሞች ናቸው። በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በከተማቸው የደም ግፊት ክሊኒክ የተከታተሉ 5,207 ሰዎችን መዝገብ አገላብጠው፣ እነ ካፕቶፕሪልን የወሰዱት ሰዎች በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከጠቅላላው ሕዝብ በ28 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ሌሎች የግፊት መድኃኒቶችን የወሰዱት ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት አልታየም። ዓለም ጆሮውን ሰጠ።

በ2010 ደግሞ ተገለበጠ። ላንሴት ኦንኮሎጂ ላይ የወጣ የጥናቶች ድምር፣ የሎሳርታን ዘመዶችን ከሚወስዱት 7.2 በመቶው፣ ከማይወስዱት ደግሞ 6.0 በመቶው አዲስ ካንሰር ታየባቸው አለ። ዘመዳም ክኒን፣ ያው ሥርዓት፤ ጠባቂ የተባለው አሁን ተከሳሽ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 31 ሙከራዎችን፣ ወደ 156,000 የሚጠጉ ሰዎችን ደምሮ ሲያይ ጭማሪም ቅናሽም አላገኘም። በ2018 የብሪታንያ መዝገቦችን ያገላበጡ ተመራማሪዎች እነ ኢናላፕሪልን ከሳንባ ካንሰር ጋር በ14 በመቶ ጭማሪ አያያዟቸው። ሳሉ የገባው እዚህ ላይ ነው። ተቺዎች ያቀረቡት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የሚያስለው ሰው ደረቱን በኤክስሬይ ይታያል፤ የታየ ደረት ደግሞ ካልታየው ይልቅ ካንሰር ይገኝበታል። ታዲያ ክኒኑ ካንሰሩን አመጣው ወይስ አሳየው?

በዚያው 2018 ከክኒኑ ባሕርይ ጋር ምንም የማይገናኝ ሌላ ድንጋጤ መጣ። ቫልሳርታን የተባለው የግፊት መድኃኒት ጥሬ ዕቃ ቻይና ውስጥ ሲመረት ኤንዲኤምኤ የሚባል ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ የሚጠረጠር ኬሚካል ተቀላቅሎበት ተገኘ፤ በብዙ አገሮች ከመደርደሪያ ተሰበሰበ። ይህ የማምረቻ ጉድፍ እንጂ የመድኃኒቱ ጠባይ አልነበረም። ግን ለሰዎች ማስረዳት ቀላል አልነበረም፤ «ግፊት» እና «ካንሰር» የሚሉት ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከገቡ የቀረውን የሚሰማ የለም።

ወደ አንጀቱ እንምጣ። የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር በዓለም ላይ በብዛት ሦስተኛ፣ በገዳይነት ሁለተኛ ነው፤ በ2022 ብቻ 1.9 ሚሊዮን ሰዎች ተይዘውበታል፣ ወደ 900,000 የሚጠጉ ሞተውበታል። ዋናው መድኃኒት ዛሬም በ1957 የተሠራው ፍሎሮዩራሲል ነው፤ ሌሎች ተጨምረውበታል እንጂ አልተተካም። ይህን ያህል የቆየ መሠረት ላይ ላለ ሕክምና አዲስ ረዳት መፈለጉ አያስገርምም።

ለምን የግፊት ክኒን? ምክንያቱም አንጂዮቴንሲን ሥራው የደም ሥር ማጥበብ ብቻ አይደለም። የአዳዲስ ደም ሥሮችን እድገት ያበረታታል፣ ብግነትን ይቀሰቅሳል፣ በዕጢው ዙሪያ ያሉ ሴሎች ጠባሳ መሰል ሥጋ እንዲያመርቱ ያደርጋል። ሜልበርን ውስጥ የተደረገ የአይጦች ሙከራ ካፕቶፕሪል ወደ ጉበት የሚሰራጨውን የአንጀት ካንሰር እንደቀነሰ በ2007 ዘግቧል። ቦስተን ውስጥ የራኬሽ ጄይን ቡድን በ2013 ያሳየው ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚያረካው ነው። በጠንካራ ዕጢ ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች በጠባሳው ክብደት ተጨፍልቀው እንደተረገጠ የውኃ ጎማ ናቸው፤ ኬሞቴራፒው በክንድ ገብቶ ዕጢው ደጃፍ ይቆማል። ሎሳርታን ጠባሳውን ሲያሳሳ ደም ሥሮቹ ተከፈቱ፤ መድኃኒቱ ገባ። ይህ በአይጥ ነው፤ በጡትና በቆሽት ዕጢ። ከዚያ ተነሥተው በቆሽት ካንሰር የተያዙ 49 ሰዎች ላይ ሎሳርታንን ከኬሞቴራፒ ጋር ሞከሩት፤ በ2019 የወጣው ውጤት ተስፋ የሚሰጥ ነበር፣ ግን የሚነጻጸር ቡድን አልነበረውም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ካነበብሁት ሁሉ የጠቀመኝ እርሱ ነውና። ብዙዎቹ «የግፊት ክኒን የወሰዱ የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ» የሚሉ ጥናቶች መዝገብ የሚያገላብጡ ናቸው። እንዲህ አስቡት። አንድ ሰው በጥር ካንሰር ተገኘበት። በሰኔ ግፊቱ ከፍ አለና ኢናላፕሪል ጀመረ። ተመራማሪው ይህን ሰው «ክኒን የወሰደ» ከሚለው ሳጥን ያስገባዋል፤ ዕድሜውንም ከጥር ጀምሮ ይቆጥርለታል። በየካቲት የሞተው ጎረቤቱ ግን ግፊቱ ሳይለካ፣ ክኒን ሳይታዘዝለት «ያልወሰደ» ሆኖ ይቆጠራል። ክኒኑን ለመውሰድ መጀመሪያ እስከ ሰኔ መኖር ያስፈልግ ነበር! ከጥር እስከ ሰኔ ያሉት ወራት ለክኒኑ በነጻ የተሰጡ ናቸው። ይህን ስሕተት ተመራማሪዎቹ ያውቁታል፣ ስምም አውጥተውለታል፣ ጠንቃቃ የሆነው በሒሳብ ያርመዋል። ያላረመው ግን የትኛውንም ክኒን ዕድሜ ማርዘሚያ ሊያስመስለው ይችላል።

ሌላም አለ። ክኒኑን በየቀኑ ሳያጓድል የሚወስድ ሰው ማን ነው? ቀጠሮ የሚያከብር፣ ለመድኃኒት ገንዘብ ያለው፣ የሚያስታውሰው ልጅ ወይም ሚስት ያለው። እነዚህ ሰዎች ክኒኑ ባዶ ዱቄት ቢሆን እንኳ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራሉ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዤ ነው የሆንግ ኮንጉን ጥናት ያነበብሁት። በ2020 የወጣ ነው፤ 187,897 ሰዎችን ያካተተ። ሁሉም ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ማየት) ተደርጎላቸው አንጀታቸው ንጹሕ የተባሉ ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ እነ ኢናላፕሪልን ወይም እነ ሎሳርታንን የሚወስዱት በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ውስጥ በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ22 በመቶ ያነሰ ሆነ። ጥሩ ሥራ ነው፤ የሰው ብዛቱም፣ አንጀታቸው መታየቱም ያስመሰግናል። ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ካንሰር የተገኘባቸው ከመቶ ግማሽ ሰው እንኳ አይሞሉም፤ ከዚያ ላይ 22 በመቶ ተቀነሰ ሲባል ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጥቅም በጣም ትንሽ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ጥቅሙ የታየው በሦስት ዓመት ውስጥ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጠፋ። የአንጀት ካንሰር ከትንሽ ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ ከሚበቅል እብጠት) ተነሥቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ጅምሩን የሚከላከል መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ጥቅሙ በኋለኞቹ ዓመታት ይጎላ ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር። ምናልባት ኮሎኖስኮፒው ያመለጠውን የተደበቀ ዕጢ አዘግይቶ ይሆናል። ምናልባትም መዝገቡ ያልያዘው ሌላ ነገር ነው።

በዕጣ የተከፋፈለ ሙከራ ካልተደረገ ይህ አይፈታም። ለዚህ የሚያስተምሩን ሌሎች ርካሽ ክኒኖች አሉ። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት በመዝገብ ጥናት ካንሰርን የሚቀንስ መስሎ ለዓመታት ተወራለት፤ 3,649 የጡት ካንሰር ታማሚዎች በዕጣ ተከፍለው ሲሞከርና ውጤቱ በ2022 ሲወጣ ካንሰሩ እንዳይመለስ አላደረገም። አስፕሪን ደግሞ በተቃራኒው ጎዳና ሄደ። ለሁሉም ታማሚ ይሰጥ ሲባል ውጤቱ ደብዛዛ ነበር። ስዊድኖች ከሰሜን አውሮፓ ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው የአንጀት ካንሰር ታማሚዎችን ዕጢ መጀመሪያ መረመሩ፤ ፒአይ3ኬ በሚባለው የሴል መንገድ ላይ ለውጥ ያለባቸውን ብቻ ለይተው በቀን 160 ሚሊግራም አስፕሪን ወይም አምሳያ (መድኃኒት የሌለበት) ክኒን ለሦስት ዓመት ሰጧቸው። በመስከረም 2025 የወጣው ውጤት ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ በግማሽ ያህል መቀነሱን አሳየ። ከቫንኩቨሯ ሴት ታሪክ ጋር የሚያያዘው ይህ ነው። እርሷ ኢርቤሳርታን የተሰጣት ዕጢዋ ተነብቦ ነው። በዚያ ላይ ዕጢዋ የዘረ-መል ስሕተት የማረም አቅሙን ያጣ ዓይነት ነበር፤ እንዲህ ያለው ዕጢ ለሰውነት የመከላከል ሥርዓት በቀላሉ እንደሚጋለጥ ዛሬ ይታወቃል፣ ከ2017 ጀምሮም ለብቻው የተፈቀደ ሕክምና አለው። ክኒኑ ኤፒ-1ን ዘግቶ ነው የረዳት ወይስ የመከላከል ሥርዓቷን ፈትቶላት? ከአንዲት ታማሚ ይህን መለየት አይቻልም።

ሌላኛው የግፊት መድኃኒት ፕሮፕራኖሎል የራሱ ታሪክ አለው፤ በቦርዶ ሐኪሞች ለልብ ችግር ለሕፃን ሲሰጡት የሕፃኑ ፊት ላይ ያለው የደም ሥር ዕጢ ሲከስም አይተው በ2008 ጽፈውታል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ለዚሁ በአሜሪካ ተፈቀደ። በዕድል የተገኘ፣ በሙከራ የጸና። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በ34 የአንጀት ካንሰር ታማሚዎች ላይ ከቀዶ ሕክምና ጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ለግማሽ ያህሉ ፕሮፕራኖሎልን ከአንድ የብግነት መድኃኒት ጋር፣ ለቀሩት ደግሞ አምሳያ ክኒን ሰጥተው፣ በዕጢው ሥጋ ላይ የመሰራጨት ምልክቶች ቀንሰው አግኝተዋል። ሐሳቡ ደስ ይላል፤ የቀዶ ሕክምናው ጭንቀት የሚለቀው አድሬናሊን የተረፉትን የካንሰር ሴሎች እንዳያበረታ በዚያች አጭር ጊዜ መዝጋት። 34 ሰው ግን 34 ሰው ነው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ አንድ ጊዜ የገጠመኝን ልንገር። አንዲት እኅት ወንድሟ የአንጀት ካንሰር እንዳለበትና ኬሞቴራፒ ላይ እንደሆነ ነግራኝ ሎሳርታን ልትገዛለት መጣች። ግፊት አለበት? የለበትም። ስንት ነው? ባለፈው ሳምንት 95 በ60። ተቅማጥስ? «ኧረ ዶክተር፣ ከመርፌው በኋላ ሦስት ቀን ከመጸዳጃ ቤት አይወጣም።» ፍሎሮዩራሲል ተቅማጥ ያመጣል። ውኃው ባለቀ ሰውነት ላይ እነ ሎሳርታን ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ኩላሊት ውኃ ሲያጥርበት ማጣራቱን የሚያስቀጥለው ያው አንጂዮቴንሲን ነው፣ ክኒኑ ደግሞ ያንን ይነጥቀዋል። ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሰውየው ይወድቃል፣ የሚቀጥለው ኬሞቴራፒ ይዘለላል። እርግጠኛ ያልሆነ ጥቅም ለማግኘት እርግጠኛውን ሕክምና ማጣት። አልሸጥሁላትም። ተቆጥታ ሄደች፤ ሌላ ቦታ እንዳላገኘችው ማረጋገጫ የለኝም።

የዚያኑ ያህል የሚያስፈራኝ ሌላው ጫፍ ነው። የ2010ሩን ወይም የቫልሳርታኑን ዜና ዘግይቶ የሰማ፣ «ካንሰር ያመጣል» ብሎ የግፊት ክኒኑን የሚያቋርጥ። አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ ግማሽ አካሉ የማይታዘዘው ሰው ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ክኒኑን መቼ እንዳቆመ ነው።

ታዲያ ለምን ትልቁ ሙከራ አይደረግም? መልሱ ገንዘብ ነው፤ ሌላ ማስዋቢያ አያስፈልገውም። የኢርቤሳርታንም የሎሳርታንም የባለቤትነት መብት ዘመኑ አልፏል፤ ማንም ይሠራቸዋል። ሺዎችን በዕጣ ከፍሎ ለዓመታት የሚከታተል ሙከራ ግን ብዙ ሚሊዮን ይፈጃል፤ ማንም ኩባንያ ጎረቤቱ ነገ በሳንቲም የሚሸጠውን መድኃኒት ለማስመስከር ያንን አያወጣም። የአስፕሪኑን ሙከራ ያደረጉት ሐኪሞችና የመንግሥት ሆስፒታሎች ናቸው። እኔ የሚያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ርካሽነቱ ለእንደ እኛ ያለ አገር ክኒኑን ተስፋ የሚያደርገው፣ ያው ርካሽነቱ ደግሞ ተስፋው እንዳይፈተን የሚያደርገው።

በአገራችንም ጥያቄው ባዳ አይደለም። የአንጀት ካንሰር በአዲስ አበባ ወንዶች ላይ ከሚበዙት ካንሰሮች መካከል ነው፤ ይህንን የምናውቀው ከ2011 ጀምሮ በሚሠራው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ነው። ግፊት ደግሞ በየቤቱ አለ። ሁለቱ መረጃዎች ግን አይተዋወቁም። የግፊቱ ካርድ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የፓቶሎጂ (የዕጢ ናሙና ምርመራ) ውጤቱ ሌላ ሆስፒታል ነው፤ የሚያገናኛቸው ታማሚው በፌስታል ይዞት የሚዞረው ወረቀት ነው። የሆንግ ኮንግ ሰዎች ኮምፒውተር ከፍተው የሚያዩትን እኛ ፌስታል ከፍተን ነው የምናየው። ብዙዎቹ ታማሚዎች ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ ይመጣሉ፤ ዕጢን ማንበብ ይቅርና ኮሎኖስኮፒ ለማግኘት የሚጓዙት መንገድ ረጅም ነው።

እኔ በበኩሌ አንድ ነገር እሠራለሁ። የካንሰር ሕክምና ሊጀምር ሪፈር የተጻፈለት ደንበኛ ሲመጣ የሚወስዳቸውን የግፊት ክኒኖች ስም፣ መጠንና የጀመረበትን ጊዜ በአንድ ወረቀት ጽፌ ከሪፈሩ ጋር አያይዛለሁ፤ ከግርጌው «ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ከበረታ ስለ እነዚህ ክኒኖች ይጠየቅ» እላለሁ። አንድ ቀን ከእነዚህ ወረቀቶች የሆነ ጥናት ይወጣል ብዬ አይደለም። የካንሰር ሐኪሙ ሰውየው ኢናላፕሪል እንደሚወስድ እንዲያውቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አያውቅም፣ ታማሚውም የግፊቱን ክኒን እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥረው «ሌላ የምትወስደው አለ?» ሲባል የለም ይላል።